ከፈይ በድሬ ሙቀት

አሁን አሁን ሰው ስለ ሃሊሞ ሲያወራ ስሰማ ደሜ ይፈላል። «ለስላሳ ነበረች፣ ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም ነበር» ይላሉ። ኧረ ባካችሁ! ሃሊሞ ለስላሳ? እኔ የሺአረግ፣ አጥር ተጋርቼ ጎረቤቷ ሆኜ የኖርኩት ሴትዮ፣ ከአፏ ለስላሳ ነገር ሲወጣ አንድም ቀን አልሰማሁም። ሰው ሲሞት ለምን እንዲህ አጥበው አጥበው ማንነቱን እንደሚያጠፉት አይገባኝም። ስለዚህ እውነተኛዋን ሃሊሞን ልንገራችሁና እኔም ይውጣልኝ።

ሃሊሞ ልብስ ሰፊ ነበረች። ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር፣ ከደቻቱ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ ከቤቷ ፊት ባለችው በረንዳ ላይ የእግር ስፌት መኪናዋን ገትራ ቀኑን ሙሉ ስትረግጥ ትውላለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅም አልወለደችም። አጭር፣ ደረቅ ያለች፣ ክር በጥርሷ እየበጠሰች የምትናገር ሴት ነበረች። ሐጂውንም የቀበሌ ሊቀመንበሩንም «አንተ» ነው የምትለው። ይሄ እንኳ የድሬ ሰው ሁሉ አመል ነው፤ እኔ ከደጋ መጥቼ መጀመሪያ ሰሞን ልጅ ሽማግሌን «አንተ» ሲል ስሰማ እደነግጥ ነበር፣ በኋላ ለመድኩት። የሃሊሞን ግን መቼም አልለመድኩትም። ሳትሰድብ አትለካም። «ወፍረሻል! ባለፈው የሰፋሁልሽን የት አደረግሽው፣ በላሽው?» ትላለች። ቀጠሮዋም ቀጠሮ አልነበረም። ለልጄ ክርስትና ያዘዝኳትን ቀሚስ የሰጠችኝ ልጁ ዳዴ ማለት ከጀመረ በኋላ ነው። ብቆጣት «አቦ ተይኝ! ልጁ ክርስትናው ቀረበት እንዴ?» አለችኝ። ይህችን ነው እንግዲህ ለስላሳ የሚሏት።

ስትለካ ሜትር አትጠቀምም፤ በስንዝሯ ነው። ትከሻሽን ትይዛለች፣ ጀርባሽን በመዳፏ ታስሳለች፣ «እጅሽን አንሺ» ትልና ከብብትሽ እስከ ወገብሽ ትሰነዝራለች። በሰፈራችን ከባል ሌላ የሴትን ገላ የሚነካ ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ነበረች። ስለዚህ የማን ጀርባ እንደበለዘ፣ የማን ጎን ሲነኳት እንደሚያማት ታውቃለች። አውቃም ዝም ትላለች። ይሄ ዝምታዋ ነበር እኔን የሚያበግነኝ፤ ለሌላው ነገር ሁሉ ምላስ ነበራትና።

ምን መሰላችሁ፣ በሰፈራችን አንድ ደንብ ነበር። ባል ሚስቱን ይመታል። ሚስት ታኮርፍና እናቷ ቤት ወይ ጎረቤት ትገባለች። ሽማግሌዎች ከሰዓት በኋላ ጫታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፣ ይመክራሉ፣ ይመርቃሉ። ባልየው «አጥፍቻለሁ» ይልና ለሚስቱ አንድ ቀሚስ የሚወጣው ጨርቅ ይገዛል። የእርቅ ልብስ ነው የሚባለው። ጨርቁ ሃሊሞ ጋ ይመጣል፣ ይሰፋል፣ ሴትየዋ ለብሳው ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ አለቀ። ክርስቲያን ነው እስላም ነው የሚባል ነገር የለም፣ በዚህ በዚህ ሁላችንም አንድ ነበርን። ከዚያ በሚቀጥለው ሰርግ ያንኑ ቀሚስ ለብሳ ስትመጣ «እንዴት ያምራል! በጤና ልበሺው» እንላታለን። ለምን እንደተገዛላት እያወቅን እኮ ነው! ኤዲያ!

ሃሊሞ እነዚህን ልብሶች ገና ሲመጡ ነው የምታውቃቸው። ኢድ ሳይደርስ፣ ፋሲካ ሳይደርስ፣ ሰርግም ሳይኖር፣ አዲስ ጨርቅ በብብቷ ሸጉጣ አንገቷን ደፍታ የምትመጣ ሴት ካለች ነገሩ ሌላ አይደለም። ያን ቀን ሃሊሞ አትሳደብም። ቀስ ብላ ትለካለች፣ በቀጠሮው ቀንም ታደርሳለች።

የሴቶች ማኅበር በየቀበሌው ሲቋቋም እኔን ሊቀመንበር አደረጉኝ። ለምን እኔን? ማንበብ ስለምችልና ባሌ ጉግሳ የባቡር ሠራተኛ ስለሆነ ነው፣ ሌላ ምክንያት አልነበራቸውም። እሑድ እሑድ ሴቶቹን አዳራሽ ሰብስቤ ማንቃት ነበረብኝ። ማንቃት! በዚያ ሙቀት፣ በዚያ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ የነቃውም ሰው ያንቀላፋ ነበር። አንድ ሰሞን ከላይ ስለ ሴቶች ድርብ ጭቆና የተዘጋጀ ንግግር ላኩልን። ቆሜ አነበብኩት። ገና ሳላጋምሰው ግማሾቹ በሻሻቸው እያራገቡ፣ ግማሾቹ እያንኮራፉ ነበር። ብስጭት አልኩና ወረቀቱን አስቀመጥኩት። «ስሙ እንጂ! ባሎቻችሁ ስለሚመቷችሁ ነው የማወራው! ምን እናድርግ?» አልኩ።

ይሄኔ ሁሉም ነቃ። ግን መጀመሪያ የተናገረው ማን ይመስላችኋል? ሴት እንዳይመስላችሁ። ሐጂ በድሩ ነው፤ የሰፈሩ ትልቅ ሽማግሌ፣ እርቅ ሁሉ በእሱ እጅ የሚያልፍ፣ ለዚያ ቀን በእንግድነት የተጋበዘ። ጺሙን እያሻሸ «ችግሩ ምን መሰላችሁ» አለ፣ «የእርቅ ልብሱ መርከሱ ነው። ወንዱ ተራ ጨርቅ ይገዛና ይገላገላል። ከእንግዲህ ከፈይ ይሁን። ከፈይ የሚገዛ ሰው እጁን ከማንሳቱ በፊት ያስባል።»

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሀብተ ማርያም ብድግ ብሎ «ትክክለኛ አብዮታዊ እርምጃ ነው!» አለ። ተጨበጨበ። ሴቶቹም አጨበጨቡ!  ከኋላ ሃሊሞ «ወሪያ! ጨርቁ ነው እንጂ የተለወጠው፣ ዱላው መቼ ቀረ?» ብላ ጮኸች። ሳቁባት። ከፈይ መስፋት ከብዷት ነው አሉ። ሐሳቡም እጅ ወጥቶ በአብላጫ ድምፅ አለፈ።

ከፈይ በድሬዳዋ! ግድግዳው እንኳ በሚያልበው አገር ከፈይ! ከዚያ ወዲያ በየሰርጉ የምናየውን አትጠይቁኝ። ቀይ ከፈይ፣ ሰማያዊ ከፈይ፣ ወይን ጠጅ ከፈይ፤ ሴቶቹ እየጨፈሩ ላባቸው በጆሯቸው ስር ይወርዳል። ዱላውስ ቀነሰ? ምን ይቀንሳል! ይባስ ብሎ ወንዶቹ ይኩራሩበት ጀመር። «እኔ ለሚስቴ የገዛሁት የጅቡቲውን ነው» ይላል አንዱ ለሌላው፣ ሐፍረት የሚባል ነገር ሳይፈጥርበት። ጎረቤቴ ቢሻሮ ደግሞ ከንፈሯ ላይ ያለው ጠባሳ ገና ሳይጠፋ በወይን ጠጅ ከፈይዋ ፊቴ ዞር ዞር ብላ «ከኋላውስ እንዴት ነው?» አለችኝ። ጣቴን ነከስኩ። ለበላዮቻችን የሆነውን ሁሉ ባስረዳ፣ የከፈዩን ውሳኔ «በሴቶች መብት የተገኘ ውጤት» ብለው አመሰገኑኝ። ጨጓራዬ የታመመው ያኔ ነው፣ እስከ ዛሬም አልተወኝም።

እንዲህ እያለን ነው የፋዱማ ነገር የመጣው።

ፋዱማ የሊበን ሚስት ናት። ገና ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ሁርሶ አካባቢ ከብት የሚያረቡ ሰዎች ናቸው፣ እዚህ ከባሏ በቀር ዘመድ የላትም። ሊበን የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሰፈሩ ይወደዋል። ከመንገድ ሲመለስ ለልጆቹ ከረሜላ፣ ለሽማግሌዎቹ ጫት ይዞ ይመጣል፣ የቀበሌውን ስኳርና ሳሙና በመኪናው ያመላልሳል። ስለ እሱ ክፉ ከተናገርሽ «ሊበን እኮ ልቡ ንጹሕ ነው» ይሉሻል። ስለ ልቡ ማን ጠየቀ! እጁ ነው እንጂ ያስቸገረን!

አንድ ቀን በቀትር፣ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ በተጋደመበት ሰዓት፣ የፋዱማ ጩኸት ተሰማ። ወጣሁና በሩን በድንጋይ ደበደብኩት። ሊበን ፈገግ ብሎ ከፈተልኝ። «ምነው የሺ፣ ትንሽ ተጨቃጭቀን ነው። ግቢና ውሃ ጠጪ» አለኝ። ከኋላው ፋዱማ ግድግዳውን ተደግፋ ቀኝ እጇን በግራዋ ይዛለች። «ነይ ውጪ» አልኳት፤ ወጣች። ሽማግሌዎቹ የደንቡን አደረሱ። እኔ ቤት ተቀምጣ ሳለ ተሰበሰቡ፣ መከሩ፣ መረቁ። ሊበን አረንጓዴ ከፈይ ገዛ፤ ጥሩ ጨርቅ ነው ብለው ሽማግሌዎቹ በየተራ በእጃቸው ዳሰሱት። ሐኪም ያያት እንደሆነ የጠየቀ የለም። እኔ «ሐኪም ቤት ትሂድ» ስላቸው «እርቁ ይለቅና» ነው የሚሉኝ። እሷም ራሷ «ውልቃት ነው፣ ይተዋል» እያለች እጇን በነጠላ ሸፍና አላስነካ አለችኝ።

የታረቀችውን ሴት ወደ ሃሊሞ ይዛ የምትሄደው በደንቡ የሐጂ በድሩ ሚስት አዴ ሸፊቃ ናት። ጸጥ ያለች አሮጊት ናት፤ በቀን አሥር ቃል የምትናገር አይመስለኝም። ፋዱማን አስከትላ፣ አረንጓዴውን ከፈይ ይዛ መጣች። እኔም አብሬ ሄድኩና በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ሃሊሞ ያየቻት ጊዜ ሁሉም ገባት፤ ምንም አልተሳደበችም። ትከሻዋን ለካች፣ ወገቧን ለካች።

«እጅሽን አንሺ» አለቻት፣ ቀስ ብላ።

ፋዱማ ግራ እጇን አነሳች።

«ቀኙንም፣ ልጄ።»

ልታነሳ ሞከረች። ፊቷ አመድ መሰለ፤ እጇ ግን ከደረቷ አላለፈም። ሃሊሞ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷ ከክርኑ በላይ አብጦ፣ ጠቁሮ፣ ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል። እኔ «በስመ አብ!» አልኩ። ፋዱማ ግን ደንግጣ ሃሊሞን «እጅጌውን ሰፋ አድርገሽ ስፊው እንጂ ይገባል፣ ወላሂ ይገባል» አለቻት። የሚያሳስባት ቀሚሱ እንዳይበላሽ ነበር!

ሃሊሞ ከፈዩን ጠቅልላ አዴ ሸፊቃ ጉልበት ላይ ጣለችው።

«ሸፊቃ፣ ይሄን ለባልሽ መልሺለት። አልሰፋም። የዚችንም አልሰፋም፣ የማንንም አልሰፋም።»

«የሽማግሌ ቃል ነው እኮ፣ ሃሊሞ» አለች አሮጊቷ በቀስታ።

«እንግዲያው ሽማግሌው ራሱ ይስፋዋ! ስንቱን ሰፋሁላችሁ! ለክታ የማትጠይቅ፣ ሰፍታ የማትናገር፣ አህያ ያደረጋችሁኝ ይበቃኛል! ይቺ ልጅ ከእኔ ቤት አትወጣም። ንገሪው!»

 አዴ ሸፊቃ ከፈዩን አጣጥፋ፣ ፋዱማን ትክ ብላ ካየቻት በኋላ ወጣች። እኛ ልጅቷን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። አጥንቷ ተሰብሮ ኖሯል። ሐኪሙ ጀሶ እያሰረ «እስካሁን የት ነበራችሁ?» ብሎ የጮኸው እኔ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ላይ የሚጮህ የለም!

ሰፈሩ በአንድ ቀን ተገለበጠ። ለፋዱማ ስብራት ያልተንጫጫ ሰው ለአንድ ቀሚስ አለመሰፋት ተንጫጫ። ሃሊሞ ትዳር አፍራሽ ተባለች። ራሷ ባል ስለሌላት ነው አሉ፤ ቅናት ነው አሉ። ሊበን በረንዳው ስር ቆሞ «ፋዱማ፣ ቤታችን እኮ ጨለመ» እያለ ሲለማመጥ፣ አላፊ አግዳሚው ለእሱ ከንፈሩን ይመጥጣል። ሃሊሞ መቀሷን ይዛ በሩ ላይ ተቀምጣ «ሂድ አቦ፣ ፋኖስ ግዛ» ትለዋለች።

ጓድ ሀብተ ማርያም ጠራኝ። «ጓድ የሺአረግ፣ ይሄ ነገር ሥርዓት ይያዝ። እሑድ በአዳራሽ እርቁ በይፋ ይጸናል፣ ፋዱማም ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በረንዳው የቀበሌ ነው፤ ሃሊሞ እንቢ ካለች ትለቃለች» አለኝ።

«ልጅቷ እኮ እጇ ተሰብሯል!» አልኩት።

«ይድናል» አለኝ።

«ይድናል» ነው ያለኝ።  ይህን ለፋዱማ ስነግራት አላለቀሰችም። ጀሶዋን እያየች «የሺ፣ ከመለሱኝ በሚቀጥለው እጄን አይደለም የሚሰብረው» አለችኝ። 

ለእሑድ ምስክር ልፈልግ ወጣሁ። ቤት ለቤት ዞርኩ፤ ከእኔ በቀር ያን ቀን የሰማ ሰው መቆም አለበት፣ አለዚያ አንድ ሴትዮ ለፈለፈች ነው የሚባለው። ቢሻሮ «አቦ፣ ሁሉም የሚያውቀውን ምን ያስለፈልፈኛል?» አለችኝ። ሌላዋ ባሏን ሳትጠይቅ አፏን እንደማትከፍት ነገረችኝ። የፋዱማ ግድግዳ ተጋሪ በለጠችማ ጉድ ናት።

«ምንም አልሰማሁም፣ ሬዲዮ ከፍቼ ነበር» አለች።

«በቀትር ሬዲዮ ለምን ከፈትሽ?»

«ጩኸቱ ረበሸኝ።»

እዚያው ቆሜ ሣቅም ልቅሶም አማረኝ። ናላዬ ዞሮ ሃሊሞ በረንዳ ላይ ዘጭ አልኩ። «እነዚህ ሴቶች አይረቡም! ጨርሶ አይረቡም! ቢደበድቧቸውም ዝም፣ ቢገድሏቸውም ዝም!» እያልኩ ጮኽኩ።

ሃሊሞ ክሯን በጥርሷ በጠሰች። ከዚያ «አንቺ ደግሞ ሁሌ አፋቸውን ነው የምትፈልጊው» አለችኝ። «አፋቸውን ተያቸው። ልብሳቸውን ይልበሱ።»

«የምን ልብስ?»

«የእርቅ ልብሳቸውን ነዋ! እኔ አይደለሁ የሰፋሁት? የትኛው የማን እንደሆነ አውቃለሁ። እሑድ ለብሰውት ይምጡና ይቀመጡ። ማን ይናገሩ አላቸው?»

እግሯን ከፔዳሉ አንስታ ተነሳች። ባሎች ሥራ ላይ በሚሆኑበት ሰዓት ቤት ለቤት ዞረች። ለእያንዳንዷ የምትለው አንድ ነገር ነው። «ምንም አትናገሪም። ለሰርግ ለብሰሽው ጨፍረሻል፤ እሑድ ደግሞ ለብሰሽው ትቀመጫለሽ። ፋዱማ ከተመለሰች ትሞታለች። እንቢ ካልሽ ደግሞ ከእንግዲህ ቁልፍ እንኳ አልተክልልሽም።» አንዳንዶቹ በሩን ዘጉባት። አንዳንዶቹ ዝም አሉ። እሺ ያለቻት አንዲትም ሴት አልነበረችም። መጨረሻ ላይ እኔ ቤት መጣችና «ያንቺን አልጠይቅሽም። ጉግሳ መትቶሽ ቢሆን ኖሮ አውቅ ነበር» አለችኝ። ጉግሳ ከጓዳ ሰምቶ ኖሮ ኮራ ብሎ ወጣ። ያን ሰሞን ሽልማት እንደተሰጠው ሰው ደረቱን ነፍቶ ሰነበተ። ስላልመታኝ ላመስግነው እንዴ? ወይ እነዚህ ወንዶች!

እሑድ ማለዳ አዳራሹ በወንድ ተሞላ። ሊበን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ አረንጓዴውን ከፈይ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከፊት ተቀምጧል፤ እርቁ ሲያልቅ ገበያ ላሉት ሰፊዎች ሊሰጠው ነው። ሐጂ በድሩና ጓድ ሀብተ ማርያም መድረኩ ላይ ናቸው። ፋዱማ በእኔና በሃሊሞ መካከል ተቀምጣለች። የሴቶቹ አግዳሚዎች ባዶ ናቸው። ባዶ! በሆዴ ሁሉንም በየስማቸው ረገምኳቸው። «ቀሩብሽ» አልኳት ሃሊሞን። «ዝም በይ» አለችኝ።

በር ላይ ቢሻሮ ታየች። ወይን ጠጅ ከፈይዋን ለብሳለች፤ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ ማንንም ሳታይ ገብታ ተቀመጠች። ቀጥሎ በለጠች በጥቁር ከፈይ መጣች፤ ዐይኗ ቀልቷል። ከዚያ በኋላ መቁጠር አቃተኝ። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቡና ዓይነት፤ ከከፈዩ ውሳኔ በፊት የተሰፉ አበባ አበባ ያላቸውም ነበሩ። አግዳሚው ሞላ፣ በግድግዳው ዙሪያ ቆሙ። ጓድ ሀብተ ማርያም ሣቅ ብሎ «ጓዶች፣ ዛሬ ሰርግ አለ እንዴ?» አለ። ማንም አልሣቀለትም።

ሙቀቱ ገና ጠዋት የሚያፍን ነበር። ላብ በሴቶቹ ግንባር ይወርዳል፤ አንዳቸውም አላራገቡም። ወንዶቹ መጀመሪያ ግራ ተጋቡ፣ በኋላ ግን እያንዳንዱ የገዛውን ጨርቅ ማወቅ ጀመረ። አንዱ አንገቱን ደፋ። ሌላው ቆቡን ወደ ዐይኑ ሳበ። የበለጠች ባል ሊወጣ ተነሳና በሩ ላይ የቆሙትን ሴቶች አይቶ ተመልሶ ተቀመጠ። ሃሊሞ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ «ሁሉንም እኔ ነኝ የሰፋሁት። የትኛው በምን ምክንያት እንደተሰፋ አንድ በአንድ ልንገርህ?» ብላ ሊቀመንበሩን ጠየቀችው።

«አያስፈልግም! አያስፈልግም!» አለ ጓድ ሀብተ ማርያም ፈጥኖ። ከፊት ረድፍ ቀይ ከፈይ የለበሰችው የእሱው ሚስት ነበረችና።

ይሄ ሁሉ ሆኖ እንኳ ሐጂ በድሩ ጉሮሮውን ጠረገ! «እንግዲህ ልጆቼ» ብሎ ጀመረ፣ «እርቅ የአላህ ነው፤ ትዳር ይታገሷል እንጂ…»  ልነሳና ልጮህበት ስል በሩ አካባቢ ሴቶቹ መንገድ ለቀቁ።

አዴ ሸፊቃ ነበረች። ቢጫ የሳቲን ቀሚስ ለብሳለች፤ ጨርቁ አርጅቶ፣ በየመታጠፊያው ነጥቶ፣ ትከሻዋ ላይ ጠቧት ተወጥሯል። ወጣት ሳለች የተሰፋ መሆኑ ያስታውቃል። «ይሄን እኔ አልሰፋሁትም። እሷንም አልጠራኋትም» አለችኝ ሃሊሞ በጆሮዬ። አሮጊቷ ቀስ እያለች እስከ መድረኩ ሄደችና ባሏ ፊት ቆመች።

«ሸፊቃ? ምን ሆንሽ?» አለ ሐጂ። «ይሄን ልብስ ከየት አመጣሽው?»

«አንተ ነህ የገዛህልኝ።»

«እኔ? መቼ?»

«የመጀመሪያው ልጃችን ሆዴ ውስጥ የቀረ ጊዜ» አለች፤ በዚያው ዝቅ ባለ ድምጿ። «ረሳኸው? እኔ አልረሳሁትም።»

ዞር ብላ ፋዱማ አጠገብ መጣች። ሃሊሞ ተነስታ ቦታ ለቀቀችላት፤ ስትቀመጥ የፋዱማን ደህነኛ እጅ ያዘች።  ሐጂ በድሩ ሚስቱን አየ፣ ከዚያ ሴቶቹን ሁሉ አየ። ትልቅ ሰው ነው፤ በአንድ ጊዜ ሲያረጅ አየሁት። አላዘንኩለትም፣ እውነቱን ልንገራችሁ።

«ሊበን» አለ በመጨረሻ። «ጨርቅህን ይዘህ ውጣ።»

ሊበን ፈገግ አለ፣ እንደ ልማዱ። «ሐጂ፣ እርቁስ?»

«እርቅ የለም። እኔ ከእንግዲህ በዚህ ነገር ሽማግሌ አልሆንም። ልጅቷን ራሷን ጠይቋት።»

ጓድ ሀብተ ማርያም ላቡን እየጠረገ ፋዱማን «የት መኖር ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ጠየቃት። በዚያ ሁሉ ሽምግልና ይህን የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ እሱም ፈርቶ!

«እዚሁ። ሃሊሞ ጋ» አለች።

ሊበን ከፈዩን በብብቱ ሸጉጦ፣ በሴቶቹ መካከል አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እኔ ደስ ሊለኝ ሲገባ ንዴቴ ነው የባሰብኝ። የተሰበረ እጅ በጀሶ ታስሮ ፊታቸው ተቀምጦ፣ እሱ አልታይ ብሏቸው፣ የየሰዉ ሳጥን ተገልብጦ መምጣት ነበረበት! ይህን ለሃሊሞ ብላት «አንቺ መቼም አይበቃሽም» ብላ ተቆጣችኝ።

ከዚያ በኋላ ወንዶቹ መላእክት ሆኑ ብዬ አልዋሽም። ዛሬም የሚመታ አለ። ግን የእርቅ ልብስ የሚባል ነገር በሰፈራችን ቀረ፤ ሊገዛ የሚደፍር የለም፣ የሚሰፋም የለም። የተመታች ሴት መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፣ ከዚያ እሷ ራሷ እስከፈለገች ድረስ ሃሊሞ ቤት ትቀመጣለች፤ ይህን በማኅበራችን ወስነናል፣ ያለ ጭብጨባ። ሃሊሞ እስክትሞት ድረስ ስታማርር ኖረች። «ቤቴን ካምፕ አደረጋችሁት! ይቺ ፋዱማ ደግሞ መርፌ ሰብራ ጨረሰችብኝ!» ትላለች፤ ማታ ማታ ግን ለልጅቷ የእጅ ሥራ የምታሳያት እሷው ናት። ስትሞት መኪናውን ለፋዱማ ተወችላት።

ፋዱማ አሁን በዚያች በረንዳ ላይ ነው የምትሰፋው። ቀኝ እጇ በደንብ አልተቃናም፣ ጨርቁን ስትገፋ ክርኗ ወደ ውጭ ይወጣል። ቀጠሮ የማታከብር ሆናለች፣ ከሃሊሞ ተምራ! ትናንት፣ ኢድም ሳይደርስ ፋሲካም ሳይደርስ፣ አንዲት የማላውቃት ሴት ከሌላ ቀበሌ ጨርቅ በብብቷ ሸጉጣ፣ አንገቷን ደፍታ መጣች። ፋዱማ መኪናዋን አቆመች። አልለካቻትም።

«ጨርቁን እዚያ አስቀምጪው» አለቻት። «አንቺ ቁጭ በይ።»

እኔ ነጠላዬን ላነሳ ወደ ቤት ገባሁ። ጤና ጣቢያ የማደርሳቸው እኔ ነኝ።